ሰዓትዎን ያጽዱ፤ ክዳኑን ግን አይንኩ

ከምንለብሳቸውና ከምናደርጋቸው ነገሮች ሁሉ እንደ እጅ ሰዓት ከገላችን ሳይለይ የሚውል የለም። ሸሚዛችንን በየቀኑ እንቀይራለን፣ መነጽራችንን ደጋግመን እንወለውላለን። ሰዓታችን ግን ላቡን፣ አቧራውን፣ የእጅ ቅባቱንና የወጥ ቤቱን እንፋሎት እየሰበሰበ ለዓመታት ሳይጸዳ ይቆያል። እስቲ አሁን ከእጅዎ ያውልቁትና ገልብጠው ይመልከቱት። በጀርባው ክዳን ዙሪያና በማሰሪያው መጋጠሚያዎች ላይ ጠቆር ያለ የተጋገረ ነገር ካዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ የላብ፣ የሳሙናና የሞተ ቆዳ ክምችት ነው። ይህ ክምችት ሽታ ያመጣል፣ ቆዳን ያሳክካል፤ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይም ብረቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ይህን ለማጽዳት ሰዓት ሠሪ ዘንድ መሄድ አያስፈልግም፤ ቤት ውስጥ ባለ ነገር በሩብ ሰዓት ያልቃል። ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከአባት የተወረሰ ወይም ለሠርግ የተሰጠ ሰዓት በገንዘብ አይተካም፤ እንዲህ ያለውን ሰዓት ደግሞ ከእድፉ ይልቅ ያለ አግባብ የተደረገ ጽዳት ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ አንድ ደንብ ይያዙ፦ ከክዳኑ ውጭ ያለው የእርስዎ ሥራ ነው፤ ከክዳኑ በታች ያለው የሰዓት ሠሪው ነው።

መጀመሪያ ውኃ መቻሉን ይወቁ

በሰዓቱ ጀርባ ወይም ፊት ላይ “ዋተር ሬዚስታንት” የሚል ጽሑፍና ከአጠገቡ ቁጥር ይፈልጉ። “30 ሜትር” ወይም “3 ባር” የሚለው ብዙዎቻችንን ያሳስታል። ሰዓቱን አድርገው 30 ሜትር ይጠልቃሉ ማለት አይደለም። ቁጥሩ አዲስ ሰዓት በሙከራ ክፍል ውስጥ የተቋቋመውን የውኃ ግፊት የሚገልጽ ሲሆን፣ በዕለት ኑሮ ሲተረጎም 30 ሜትር የሚለው ዝናብ ቢያካፋበት ወይም እጅ ሲታጠቡ ቢረጭበት ይችላል ማለት ብቻ ነው። 50 ሜትር የሚለው በጥንቃቄ ከቧንቧ ውኃ ሥር ሊታጠብ ይችላል። ለመዋኘት 100 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚል ይምረጡ። ምንም ጽሑፍ ከሌለው ውኃ እንደማይችል ይቁጠሩት።

ውኃን የሚከለክለው በክዳኑና በጎን ባለችው ማስተካከያ ቁልፍ ውስጥ የተቀመጠ ስስ የጎማ ቀለበት ነው። ጎማ ደግሞ ያረጃል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከ10 ዓመት በፊት 50 ሜትር ይችል የነበረ ሰዓት ዛሬ የጥምቀትን ርጭት እንኳ ላይችል ይችላል። የቆየ ወይም የተወረሰ ሰዓት ከሆነ በላዩ ላይ የተጻፈው ምንም ቢሆን ውኃ አያስነኩት።

ሙቅ ውኃና እንፋሎት ከቀዝቃዛ ውኃ ይከፋሉ። ጎማውና ብረቱ በሙቀት የሚለጠጡት እኩል ስላልሆነ በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል፤ እንፋሎትም በቀላሉ ይገባል። ሶደሬ ወይም ፍል ውኃ ሲሄዱ፣ ሳውናም ሲገቡ ሰዓትዎን አስቀድመው ያውልቁ።

አጸዳዱ

የሚያስፈልገው ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ሁለት የመነጽር መጥረጊያ ዓይነት ጨርቆች፣ ስቴኪኒ፣ ለብ ያለ ውኃና አንድ ጠብታ ፈሳሽ የእቃ ሳሙና ነው። ጠረጴዛ ላይ ፎጣ ያንጥፉ፤ ሰዓቱ ከእጅዎ ቢያመልጥ ይቀበለዋል። መታጠቢያ ገንዳ ላይ ከሠሩ ቀዳዳውን መድፈን አይርሱ።

በቅድሚያ የጎን ቁልፏ እስከ መጨረሻው መግባቷን ያረጋግጡ። የምትጠመዘዝ ከሆነች ያጥብቋት። ብዙ ውኃ የሚገባው በዚች ቁልፍ በኩል ነው። ከዚያ በደረቅ ብሩሽ አቧራውን ያራግፉ። አቧራ ውስጥ ያሉ ደቃቅ አሸዋዎች በጨርቅ ሲፈተጉ መስታወቱን ስለሚጭሩት ይህን ሳያደርጉ መወልወል አይጀምሩ።

50 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚችል የብረት ማሰሪያ ያለው ሰዓት ከሆነ ብሩሹን በሳሙናው ውኃ ነክረው የማሰሪያውን መጋጠሚያዎች፣ ክዳኑን ዙሪያና የጎን ቁልፏን ሥር በቀስታ ይቦርሹ። ሊጥ ሲያቦኩ ሰዓት የማያወልቁ ከሆነ በመጋጠሚያዎቹ ውስጥ የደረቀ ሊጥ ያገኛሉ፤ እሱን በስቴኪኒ ጫፍ ያውጡት። መርፌና ቢላዋ ይጭራሉ። ከዚያ ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ ያለቅልቁ፣ በጨርቅ ያድርቁ፣ ፎጣው ላይ ጥላ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ይተዉት።

30 ሜትር ብቻ የሚችለውን ወይም ምንም ያልተጻፈበትን ሰዓት ከቧንቧ ሥር አያስገቡ። ጨርቁን አርጥበው፣ እስኪደርቅ ድረስ ጨምቀው፣ በእሱ ብቻ ይጥረጉት። በወርቅ የተቀባ ከሆነ ቅቡ ስስ ስለሆነ በርትተው አይፈትጉት፤ የብር ወይም የወርቅ ማጽጃም አይቀቡት።

የቆዳ ማሰሪያ ውኃ አይወድም። ማታ ሲያወልቁት በደረቅ ጨርቅ ውስጡን ይጥረጉና አየር ያስነኩት። ሽቶና ሳኒታይዘር ቀለሙን ያለቁታል፣ ያደርቁታል፤ ስለዚህ ሽቶዎን ከተቀቡ በኋላ ደርቆ ሲያበቃ ሰዓትዎን ያድርጉ። የፀጉር ቅቤም ቆዳው ውስጥ ከሰረገ ስለማይለቅ፣ ቅቤ ሲቀቡ ሰዓትዎን አውልቀው ይቆዩ። የጎማ ማሰሪያ በሳሙና ውኃ በደንብ ይታጠባል።

እነዚህን አያድርጉ

በረኪና የብረቱን ገጽታ ያበላሻል። የጥርስ ሳሙና ጭረት ያጠፋል ሲባል ይሰማል፤ ነገር ግን በውስጡ የሚፈትግ ዱቄት ስላለ የመስታወቱን ልባስና የብረቱን ማማር ሊጭር ይችላል። አሴቶን ፕላስቲኩንና ቀለሙን ያቀልጣል።

ከመስታወቱ በታች ጉም መሰል እርጥበት ካዩ ውኃ ገብቷል ማለት ነው። ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም በፀጉር ማድረቂያ መንፋት ሙቀቱ እርጥበቱን ይበልጥ ወደ ውስጥ እንዲሰራጭ ያደርገዋል። ነገ ዛሬ ሳይሉ በዚያው ቀን ወደ ሰዓት ሠሪ ይውሰዱት፤ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ብረቶች ፈጥነው ይዝጋሉ።

ሞላ ያለው ሰዓት ድንገት መፍጠን ከጀመረ ማግኔት ነክቶት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማታ ስልክዎ፣ ድምፅ ማጉያዎ ወይም ማግኔት መዝጊያ ያለው ቦርሳዎ አጠገብ አያሳድሩት።

ቀን የሚያሳይ ሰዓት ካለዎት

ቀን የሚቆጥሩ ተራ ሰዓቶች ሁልጊዜ እስከ 31 ይሄዳሉ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር የሚያስኬድ ሰው ወራችን 30 ቀን ስለሆነ በየወሩ 31ን ዘልሎ ወደ 1 ማምጣት አለበት። ጳጉሜን ሲጨመርበት በዓመት 13 ጊዜ ይሆናል። ጳጉሜን 5 ሲያልቅ ደግሞ ሰዓቱ 6ን ስለሚያሳይ መስከረም 1 ላይ ለማድረስ 26 ጊዜ ማሳለፍ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰዓት የሚጎዳው። ቆጣሪው ከ9 ተነሥቶ 12ን አልፎ 3 እስኪደርስ ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ቀኑን የሚያዞሩት ጥርሶች ተያይዘው ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ በዚያን ጊዜ ቀኑን በግድ ማዞር ጥርሶቹን ሊሰብር ይችላል። ልብ ይበሉ፦ ዋናው ነገር ደጅ መንጋቱ ወይም መምሸቱ ሳይሆን ቆጣሪው ያለበት ቦታ ነው። የሰዓት ቆጣሪው ከ4 እስከ 8 ባለው መካከል ሲሆን ቀኑን ቢያስተካክሉ ችግር የለም።

ሰዓትዎን በአገራችን አቆጣጠር የሚያስኬዱ ከሆነ ቀኑ የሚለወጠው 12 ሰዓት ላይ፣ ማለትም ወይ ንጋት ወይ ምሽት ላይ ነው። ምሽት ላይ የሚለወጥብዎ ከሆነ ቆጣሪውን ወደፊት 12 ሰዓት ያዙሩት፤ ከዚያ በኋላ ንጋት ላይ ይለወጣል።

ባትሪውና ልጆች

የባትሪ ሰዓት ድንጋይ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ዓመት ያገለግላል። በብዙ ሰዓቶች ላይ የሰከንድ ቆጣሪው ሁለት ወይም አራት ሰከንድ በአንድ ጊዜ መዝለል ከጀመረ ድንጋዩ ሊያልቅ ነው። ያለቀ ድንጋይ ውስጡ ትተው ሰዓቱን መሳቢያ ውስጥ አያስቀምጡ፤ ፈሳሹ ወጥቶ ውስጡን ይበላዋል። ሲያስቀይሩ የጎማ ቀለበቱንም እንዲያይልዎ ሰዓት ሠሪውን ይጠይቁት።

ክዳኑን በቢላዋ ከፍቶ ድንጋዩን ራስ መቀየር ቀላል ይመስላል። ሰዓቱን መጉዳቱ ይቅርና፣ ከጠረጴዛ ላይ የምትንከባለል አንዲት ትንሽ ክብ ድንጋይ ለሕፃን ልጅ ሕይወት አስጊ ናት። ልጅ ውጧት ጉሮሮው ላይ ከተቀረቀረች ከምራቁ ጋር ስትገናኝ በምትፈጥረው ኤሌክትሪክ የተነሣ በ2 ሰዓት ውስጥ የጉሮሮን ሥጋ ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። ያለቀች የምትመስል ድንጋይም ይህን ለማድረግ የሚበቃ ኃይል ሊቀርላት ይችላል። ልጅዎ መዋጡን ከጠረጠሩ ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ፣ እንዲያስታውከውም አያድርጉ፤ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይውሰዱት። አፍንጫ ወይም ጆሮ ውስጥ ከገባችም እንዲሁ ነው። አሮጌውን ድንጋይ በፕላስተር ጠቅልለው ልጅ ከማይደርስበት ያኑሩት።

የወር መጨረሻ ልማድ

ጽዳቱን እንዳይረሱት ከቀኑ ማስተካከያ ጋር ያያይዙት። ወሩ 30 ሲሞላ ሰዓቱን አውልቀው ያጽዱ፣ የማሰሪያው ፒኖች አለመላላታቸውን ያረጋግጡ፣ በመጨረሻም ቀኑን ወደ 1 ያምጡ። ባለሞላ ሰዓት ከሆነ በየ5 ዓመቱ ገደማ ውስጡ ያለው ዘይት ስለሚደርቅ ለሰዓት ሠሪ ያሳዩት። የተረከቡት ሰዓት ለልጅዎ እየሠራ እንዲደርስ የሚያስፈልገው ከዚህ ብዙም አይበልጥም።