ፍራሹ የረጠበ ዕለት



ባለፈው ወር ከመድረሳ ተማሪዎቻችን አንዱ፣ የ7 ዓመት ልጅ፣ ቆሞ እንዲቀራ ፈቃድ ጠየቀን። መቀመጥ አቅቶት ኖሯል። ጭኑ ላይ የአለንጋ ሰንበር አየን። ምን አጥፍቶ እንደሆነ ስንጠይቀው አንገቱን ደፋ። ኋላ ታናሽ እህቱ በጆሯችን «ፍራሽ ላይ ሸንቶ ነው» አለችን።

እናቲቱን ልንቆጣ ተነስተን ሄድን። ቤቱን ስናይ ግን ቁጣችን በረደ። ባለቤቷ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ ከወጣ ሳምንታት ሆኖታል። ሦስት ልጆች፣ አንድ ፍራሽ፣ ውሃ በሳምንት 2 ቀን። «ኡስታዝ፣ ልጄን ጠልቼው መሰለዎት? አውቆ የሚያደርገው እየመሰለኝ እልህ ይይዘኛል» አለችን።

አውቆ አያደርገውም። በ7 ዓመታቸው ከ10 ልጆች አንዱ ያህል ሌሊት ይሸናሉ። ብዙውን ጊዜም ከወላጆቻቸው አንዱ በልጅነቱ እንዲሁ ነበር። ዱላ ፍርሃት ይጨምርበታል እንጂ አያስተወውም። ትቶ ከርሞ እንደገና የጀመረ ልጅ ግን ሕመም ወይም ያስፈራው ነገር ሊኖር ይችላልና ሐኪም ይየው።

አንድ የገጠር ዐረብ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ ውስጥ ሸና። ሰዎች ሊነሱበት ሲሉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲተዉት ነግረው፣ በቦታው ላይ አንድ ባልዲ ውሃ እንዲፈስበት አዘዙ። ሰውየው ዐዋቂ ነው፤ ቦታውም መስጊድ። ታዲያ እኛ እንቅልፍ የወሰደውን ሕፃን በምን ሒሳብ እንገርፋለን?

እኛም ንጹሕ አይደለንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 በትምህርት ቤት ሕፃናትን በአካል መቅጣትን ከልክሏል። ማስተማር የጀመርነው ከዚያ በኋላ ቢሆንም አለንጋ የያዝንባቸው ዓመታት ነበሩ። አላህ ይማረን።

ለዚያች እናት ግን ምክር ብቻውን ምን ይረባታል? የልጁን ገመና ሳናወጣ፣ ብቻዋን መሆኗንና ድካሟን ብቻ ለጎረቤቶቿ ነገርን። አንዲት አሮጊት ትንሿን ልጅ ከዐስር እስከ መግሪብ እርሳቸው ዘንድ ያቆዩላት ጀመር። ሌላዋ ውሃ በመጣ ቁጥር በርሜሏን ትሞላላታለች። ለፍራሹ ላስቲክ እኛ ገዛን።

አባትየውን በስልክ አገኘነው። ዝም ብሎ ሰማንና፣ «እኔም እስከ 9 ዓመቴ እሸና ነበር» አለን። ለእናቲቱ እንኳ ነግሯት አያውቅም! «ለልጅህ ራስህ ንገረው» አልነው። በዚያው ማታ ደውሎ ነገረው።

ልጁ አሁንም አንዳንድ ሌሊት ይሸናል። ጠዋት አንሶላውን ከእናቱ ጋር ያሰጣል፤ ከሰዓት መድረሳ መጥቶ ቁጭ ብሎ ይቀራል።