ነፍጡን ማን ቀለበው? ከዱመርሶ ጓሮ የተጻፈ ምላሽ

ስለ ዐፄ ምኒልክ የደቡብ መስፋፋት ሲነሣ ከመማሪያ ክፍል እስከ ቡና ላይ ጨዋታ አንድ አባባል ተደጋግሞ ይሰማል፦ ወሳኙ ነፍጥ ነበር። ጦርና ጋሻ የያዘ ሕዝብ ከባሕር ማዶ በመጣ ጠመንጃ ተሸነፈ፤ ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ የዚያ ሽንፈት ተከታይ ነው ይባላል። አባባሉ በሌላው ነገር ሁሉ የማይስማሙ ሰዎችን አስማምቷል። በመስፋፋቱ የሚኮራው ጠመንጃውን የአንድነት መሣሪያ ብሎ ያወድሰዋል። በመስፋፋቱ የሚቆጨው ደግሞ ያንኑ ጠመንጃ የግፉ ሁሉ ምንጭ አድርጎ ይከሰዋል። ሁለቱም ዓይናቸውን የተከሉት ብረቱ ላይ ነው።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ብረቱ የነገሩ ርካሹ ክፍል ነበር። ውዱ የያዘውን ሰው ከዓመት እስከ ዓመት መቀለቡ ነው። ያን ቀለብ የከፈለውም የጌዴኦና የመሰል አገሮች ገባር፣ ለወታደሩ ተመድቦ በጉልበቱ የሚያገለግለው ገበሬ፣ ነው። ስለዚህ የጠመንጃውን ታሪክ በታጁራና በጅቡቲ ወደብ ብቻ የፈለገ ሰው ግማሹን እንኳ አያገኝም። ቀሪው የተጻፈው እዚህ፣ በይርጋጨፌ አካባቢ ባለችው በዱመርሶና በጎረቤቶቿ፣ ቡናና እንሰት ተቃቅፈው በሚያድጉበት ጓሮ ውስጥ ነው።

ከግዢው ልጀምር። አንድ ድሃ መንግሥት በጠባብ በጀት ዘመናዊ ጠመንጃ ሊይዝ ሲያስብ ምን ያደርጋል? ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያንን ሰብስበው በአገር ውስጥ ለማሠራት ሞከሩ። ሴባስቶፖልን የሚያህል መድፍ ተቀልጦ ወጣ፤ መቅደላ ድረስም በብዙ ሰው ክንድ ተጎተተ። ንጉሡን የጎዳቸው ግን የመድፍ እጦት አልነበረም። ወታደሩ ባላገሩን ከሚዘርፍ ደመወዝ ይቆረጥለት ብለው አስበው ነበር፤ ደመወዙ የሚወጣበት ቋት አልተገኘም። ጋፋት ብረቱን ማቅለጥ ቻለ፤ የሠራዊቱን ጉሮሮ የሚሞላ ግን አልሆነም።

ምኒልክ መንገዱን ቀየሩ፤ ከመሥራት ይልቅ መግዛትን መረጡ። ግን በምን ገንዘብ? ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 ሁለት ሺህ አርባ ጠመንጃና ስልሳ ሺህ ጥይት ጭኖ ሸዋ ሲደርስ የጠበቀውን ትርፍ አላገኘም። ንጉሡ ዋጋውን ዝቅ አደረጉበት፣ የሟች ሸሪኩ ዕዳ ተቆረጠበት፣ የቀረውንም ሐረር ሄዶ ከራስ መኮንን (ያኔ ደጃዝማች) እንዲቀበል ወረቀት ተሰጠው። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚያነበው ለባለቅኔው መከራ ሲል ነው። እኔ ግን እዚያች ወረቀት ላይ እቆማለሁ። ጠመንጃ ለመግዛት እጁ ላይ ጥሬ ብር የሌለው መንግሥት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ከውጫሌ ውል ጋር ተያይዞ፣ ከጣሊያን አራት ሚሊዮን ሊሬ ብድር ሲገኝም የሐረር ጉምሩክ ዋስትና ሆነ። ምኒልክ ውሉን እ.ኤ.አ. በ1893 ሲያፈርሱ ብድሩን መክፈላቸው ኩራታቸውን ያሳያል፤ ዋስትናው ጉምሩክ መሆኑ ግን የግምጃ ቤቱን ጥበት ያሳያል።

ጥይቱም እንዲሁ ነው። በዚያ ዘመን የውጅግራ ጠመንጃ ጥይት በገበያ ላይ እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ ዝርዝር ገንዘብ ሆኖ ይዞር ነበር። አንድ ወታደር ጥይቱን ተኮሰ ማለት ገንዘቡን ተኮሰ ማለት ነው። ይህን የዘነጋ ታሪክ ጸሐፊ ነፍጠኛውን ሌት ተቀን እየተኮሰ አገር ያቀና አድርጎ ይስለዋል። በእውነቱ ጠመንጃው አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው። የተሰቀለ ጠመንጃ ግን ባለቤቱ በየቀኑ ይበላል፣ በቅሎው ትበላለች፣ ሚስቱና ልጆቹ ይበላሉ።

ይህ ሁሉ የሆነው መቼ እንደሆነ እናስብ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አገሪቱን ክፉ ቀን መታት። ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ በሬ ስለጠፋ ማሳ ጦም አደረ። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1892 አሥራት የጣሉትም ወታደሩ ባላገሩ ቤት እየገባ መብላቱን ትቶ ከተሰበሰበ እህል እንዲቀለብ በማሰብ ነበር። በሰሜኑና በሸዋ መልሱ አሥራት ነበር። በደቡብ መልሱ ገባር ሆነ። ሁለቱም የአንድ ጥያቄ መልሶች ናቸው፤ ጥያቄው ደግሞ የተኩስ ሳይሆን የቀለብ ነው።

ጌዴኦ፣ በዚያን ጊዜ መዛግብት ደራሳ ይባል የነበረው፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ውስጥ በምኒልክ ግዛት ሥር ገባ። የአካባቢውን ታሪክ በጥልቀት ያጠናው ቻርልስ ማክለላን እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. ከ1895 ጀምሮ እስከ 1935 የሚዘልቅ አድርጎታል። ወደ ጌዴኦ የመጣው ወታደር ደመወዝ አልነበረውም። ደመወዙ ሰው ነበር። እንደ ማዕረጉ ገባር ይቆጠርለታል፤ ተራው ጥቂት፣ አለቃው ብዙ። ገባሩ እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ አጥር ያጥራል፣ ቤት ይሠራል፣ እህል ይፈጫል፣ ጌታው ዘመቻ ሲሄድ ስንቅ ይሸከማል። በዓል ሲመጣ ደግሞ እጅ መንሻ አለ። እንግዲህ የመንግሥት በጀት ማለት ይህ ነበር። ከጠገራ ብር ይልቅ በሰው ጉልበት የተሰፈረ በጀት።

እዚህ ላይ የጌዴኦ ጓሮ ራሱ ምስክር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚታለፈውም ይህ ነው። እንሰት ዓመቱን ሙሉ መሬት ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ምግብ ነው። እንደ ጤፍ የመከር ወቅት አይጠብቅም፣ ክፉ ዓመትም ቢመጣ በአንድ ጀምበር አይጠፋም። ጓሮው ቤቱን ከቦ ስለሚኖር ገባሩ ጥሎት እንደ አርብቶ አደር ከብቱን ነድቶ መሸሽ አይችልም። የትውልድ ሥራ የሆነውን እንሰቱን፣ ቡናውንና ጥላ ዛፉን በአንድ ሌሊት ማን ያንቀሳቅሰዋል? ዛሬ ይህንኑ ጓሮ ዓለም ያደንቀዋል፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ያ የሚደነቀው ጽናት በገባር ዘመን ገበሬውን ከቦታው አስሮ ለሌላው እንዲቀልብ ያደረገው ጽናት ነበር። ዱመርሶ ላይ ቆሞ ከእንሰቱ ቅጠል ሥር ያለውን ቡና ሲያይ ይህን ማሰብ ቀላል አይደለም፤ እኔ ግን ማለፍ አልችልም።

የነፍጥ ወሳኝነትን የሚያምኑ እንዲህ ሊሉኝ ይችላሉ፦ ጠመንጃው ባይኖር ወታደሩ ያን ገባር ከየት ያገኘው ነበር? ተገቢ ጥያቄ ነው። በጦር ሜዳ ላይ ጠመንጃ ለውጥ ማምጣቱን አልክድም። ወላይታ በንጉሥ ጦና መሪነት እ.ኤ.አ. በ1894 ተዋግቶ የደረሰበትን እልቂት የሚያውቅ ሰው ብረቱን ሊያቃልል አይችልም። ነገር ግን ምክንያት የሚባለው ነገር ውጤቱ ሲለያይ መለየት አለበት። ያው የምኒልክ ጠመንጃ በጅማ ፊት ቆሞ ነበር፤ አባ ጅፋር ሁለተኛው ግብር ከፍለው አገራቸውን ራሳቸው አስተዳደሩ፣ ወታደርም አልሰፈረባቸውም፤ ይህም እስከ 1920ዎቹ ዓ.ም. ድረስ ዘለቀ። ያው ጠመንጃ በወለጋ በኩምሳ ሞረዳ ፊት ነበር፤ እዚያም የአገሩ ገዢ በቦታው ቀረ። ዶናልድ ዶንሃም እ.ኤ.አ. በ1986 ከዌንዲ ጄምስ ጋር ባዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ የደቡቡን አገዛዝ በሦስት ዓይነት ይከፍለዋል፦ በግብር ብቻ የተያዙ ግዛቶች፣ ገባር የተተከለባቸው ደጋማ የእርሻ አገሮች፣ ቆላውና የአደን ዳርቻ። አንድ ዓይነት ጠመንጃ ሦስት ዓይነት አገዛዝ ካመጣ፣ ልዩነቱን ያመጣው ጠመንጃው አይደለም ማለት ነው።

በሰላም የገባ ተከበረ፣ የተዋጋ ገባር ሆነ የሚለውን መልስም ሰምቻለሁ፤ እውነትነት አለው። ግን ሙሉ አይደለም። በሰላም መግባት ጠቃሚ የሚሆነው የገባው አገር ግብሩን ራሱ ሰብስቦ ማስረከብ የሚችል ንጉሥ ሲኖረው ነው። ጅማ እንዲህ ያለ ቤተ መንግሥትና ገበያ ነበራት። ጌዴኦ የሚተዳደረው በባሌ የትውልድ እርከን ሥርዓትና በሶንጎ ሸንጎ ሽማግሌዎች ነበር። ለአዲስ አበባው ግምጃ ቤት ግብር አሰባስቦ የሚያስረክብ አንድ ዘውድ አልነበረውም። ስለዚህ ግብሩን ከምንጩ የሚበላ ሰው ተላከ። ይህን ስል የሶንጎውን ሥርዓት እያሳነስኩ አይደለም፤ ሥልጣን በአንድ እጅ አለመከማቸቱ ለጌዴኦ ሰው ክብሩ ነበር። ለበጀት ፈላጊው መንግሥት ግን አልተመቸውም።

በሲዳሞ ገዢ በደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ዘመን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የሲዳሞና የጌዴኦ ቡና ወደ ባሕር የሚሄድበት መንገድ አጠረ። ከዚህ በፊት እንሰትና ጉልበት ይበላ የነበረው ባለጠመንጃ ቡና መቁጠር ጀመረ። ባልቻ በ1920 ዓ.ም. ሠራዊታቸውን አስከትለው አዲስ አበባ ሲወጡ በራስ ተፈሪ ብልሃት ያለ ውጊያ ሥልጣናቸውን አጡ። አባ ነፍሶን (የባልቻ የፈረስ ስም ነው) ያህል በአድዋ መድፍ የታወቀ ሰው፣ ብዙ ሺህ ጠመንጃ እያለው፣ የሚቀልበው ግዛት ከእጁ ሲወጣ ምንም ማድረግ አልቻለም። የነፍጥ ወሳኝነት አማኞች ይህን ክስተት ቢያጤኑት እወዳለሁ።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የገባር አገልግሎት በሕግ ቀርቶ ወታደሩ የወር ደመወዝተኛ ሆነ። የኢትዮጵያ ወታደር የአሜሪካኑን ኤም ዋን ጋራንድ፣ ስምንት ጥይት ጎርሶ ቃታው በተሳበ ቁጥር ራሱ የሚያቀባብለውን ጠመንጃ፣ በሰፊው ያወቀው በዚህ ዘመን ነው፤ የቃኘው ሻለቃ በኮሪያ ተዋግቷል፣ በግንቦት 1945 ዓ.ም. ደግሞ ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ ርዳታ ውል ተፈረመ። እዚህም ብረቱ በርዳታ መጣ፤ ደመወዙና ነዳጁ ግን ከአገር ውስጥ ገቢ ይወጣ ነበር። የአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ከግማሽ በላይ ከቡና በሚገኝበት በዚያ ወቅት ቀላቢው ማን እንደነበር መገመት አያስቸግርም። ቡናውን የሚያለማው የጌዴኦ ገበሬ ግን በስም ጭሰኛ እንጂ በኑሮው ከአባቱ ብዙ አልራቀም። በ1952 ዓ.ም. በሚጪሌ የተነሣው የገበሬ ዐመፅ ከዚህ የመጣ ነው። ጦርና ገጀራ የያዘ ገበሬ ጠመንጃ የያዘ ባለመሬትን ገጠመ፤ ደም ፈሰሰ፣ ዐመፁም ታፈነ። ለሚጪሌ ሙታን ያለኝ አክብሮት ታላቅ ነው፤ የተነሡት ጠመንጃውን ለመቀማት ሳይሆን የቡናቸውን ድርሻ ለማስከበር እንደነበርም መታወስ አለበት። የነገሩ ቋጠሮ የት እንዳለ እነርሱ ከብዙ ምሁር ቀድመው አውቀዋል።

ነፍጠኛ የሚለው ቃል ዛሬ የብሔር ስም እየመሰለ መምጣቱም ብረቱ ላይ ከመተከል የመጣ ስሕተት ነው። ቃሉ የሥራ መደብ ስም ነበር፤ ወደ ደቡብ የተላከው ሠራዊት ውስጥ ከአማራው ጋር የሸዋ ኦሮሞና ሌላውም ነበረበት። ይህን ማለት ግፉን ማቅለል እንዳይመስል እፈራለሁ። እንዲያውም ያከብደዋል፤ የአንድ ቁጡ ወታደር በደል ሳይሆን ታስቦበት የተሠራ የበጀት አያያዝ ነበርና። የጠመንጃ ግፍ በተኩሱ ቀን ያልፋል። የቀለብ ግፍ ግን ሦስት ትውልድ ያህል ቆየ።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ከስምንት መቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው ከቀዬው ሲፈናቀል፣ ቡናውን ሸጦ ጠመንጃ የመግዛት ሐሳብ በብዙ ወጣት ልብ ውስጥ መግባቱ አያስገርምም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ ከሕጉ በፊት ግን ሂሳቡ አለ። አያቶቻቸው የሌላ ሰው ጠመንጃ ሲቀልቡ ጓሯቸው እንዴት እንደተራቆተ የሚያውቁ ልጆች የራሳቸውንም ጠመንጃ የሚቀልበው ያው ጓሮ መሆኑን ቢያሰሉት ደስ ይለኛል።

የመጨረሻው ማስረጃዬ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ በባለመሬቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ጠመንጃ በዚያው ሰዓት አልወረደም። ብረቱ ነበረ፣ ጥይቱም ነበረ፤ አንዳንዱም አንሥቶ ተኩሷል። ነፍጡ ብቻውን ሥልጣን ቢሆን ኖሮ በዚያ ዓመት የጌዴኦ ቡና ለቃሚ ድርሻውን ለጌታው ሰፍሮ ይሰጥ ነበር። አልሰጠም።