የሳምንቱ ቃል፦ አስቸኳይ

የዛሬው ቃላችን «አስቸኳይ» ነው። አ-ስ-ቸ-ኳ-ይ። «ቸኮለ» ከሚለው ይወጣል፤ የሚያስቸኩል፣ ለነገ የማይባል ማለት ነው።

በ1992 ዓ.ም. የሐረና ደን ሲቃጠል ያየ የአንገቱ ሰው ይህን ቃል ማን ያስረዳዋል? የባሌ ደን ለሳምንታት ነደደ። ከአዲስ አበባ ተማሪዎች፣ ከደቡብ አፍሪካም ሳይቀር እሳት አጥፊዎች መጡ።

ምጥ የጠናባት እናት ጉዳይም አስቸኳይ ነው። ወደ ጎባ ሆስፒታል ከተላከች የሳኔቲን ብርድ መሻገር አለባት።

የጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲያልቅ ለወረዳው ስንጽፍ በደብዳቤው ራስ ላይ «አስቸኳይ» እንላለን። ለድግስ ጥሪማ አንጽፈው! ሁሉም አስቸኳይ ከተባለ ጸሐፊው የትኛውን ያስቀድም?

ለበሽታ «አጣዳፊ» ይባላል፦ አጣዳፊ ተቅማጥ። ሆስፒታል ስንደርስ ደግሞ «ድንገተኛ» የሚል ጽሑፍ እናነባለን። የጠናበትን ሰው ይዘን የምንገባው በዚያ በር ነው።