ለሬሳ የተዘረጋው እጅ ለአልጋ ቁራኛም ይዘርጋ

ሠርቶ አደሩ ጉልበት እስካለው ድረስ አርሶም ሆነ በፋብሪካ ውሎ ኅብረተሰቡን ይመግባል። ጉልበቱ ሲከዳው ማን ይደግፈዋል? ይህ የአንድ ቤተሰብ የጓዳ ችግር ሳይሆን የመላው ሕዝብ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ያለንን ዋስትና በቅጡ እንወቅ። በ2003 ዓ.ም. ደቡብ አቸፈርን፣ ፎገራንና ተሁለደሬን ጨምሮ በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሕክምና ወጪን ይሸፍናል፤ መክፈል ለማይችለው ድኃም መዋጮውን መንግሥት ይከፍልለታል። በዚያው ዓመት በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኛው የጡረታ ባለመብት ሆኗል። በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 በተተካው በዚህ ሥርዓት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 ከመቶ፣ አሠሪው 11 ከመቶ ያዋጣሉ። እነዚህ የማይናቁ ድሎች ናቸው።

ይሁን እንጂ የጤና መድኑ ለምርመራና ለመድኃኒት እንጂ፣ የአልጋ ቁራኛውን ለዓመታት በቤቱ ለሚያገላብጠው፣ ለሚያጥበውና ለሚያጎርሰው እጅ አይከፍልም። ጡረታውም ለደመወዝተኛው ነው፤ የቢቸናና የሞጣ ገበሬ ደመወዝ ስለሌለው ጡረታም የለውም። በዚህም ምክንያት ሸክሙ ያለ ክፍያና ያለ ዕረፍት በሚስትና በሴት ልጅ ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

በሞጣ በኩል ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኘው የዓባይ ሰባራ ድልድይ በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ከፈረሰ በኋላ፣ መንገደኛው በወዲህና በወዲያ በቆሙ ሰዎች በገመድ እየተሳበ ለአሥርተ ዓመታት ተሻግሯል። የዛሬው ዋስትናችንም ግራና ቀኙ ተገንብቶ መካከሉ የጎደለ ድልድይ ነው፤ ገመዱን የሚስቡትም እናቶችና እኅቶች ብቻ ናቸው።

ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1995፣ ጃፓን በ2000 ይህንን ጉድለት ለመሙላት ከጤና መድን የተለየ የእንክብካቤ መድን ዘርግተዋል። «ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ የእኛ ባህል ሽማግሌ አይጥልም» የሚሉ አሉ። ባህሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ልጆች እንጀራ ፍለጋ ወደ ከተማና ወደ ዓረብ አገር በተበተኑበት ቤት ባህል ብቻውን ውኃ አይቀዳም። ደግሞም ሥራው ለእኛ ባዕድ አይደለም። የኤድስ ወረርሽኝ በበረታበት ጊዜ የአዲስ አበባ እድሮች ከቀብር አልፈው ሕሙማንን በየቤታቸው አስታመዋል።

ስለዚህ እያንዳንዱ እድር ደንቡን አሻሽሎ ከወርሃዊ መዋጮው ለማስታመሚያ የሚውል ድርሻ ይመድብ፤ አባላቱም በተራ አስታማሚዋን ይተኩ። የሠራተኛ ማኅበራት ጉዳዩን በኅብረት ስምምነት ድርድር ያንሡ። መንግሥትም አቅም በፈቀደ መጠን ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ እንዲያደርግ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 የተጣለበትን ግዴታ በበጀት ይግለጸው። የእድር መዋጮ ብቻውን የመንግሥትን ኃላፊነት ሊተካ አይችልም፤ አይገባምም።

ሬሳን በክብር የሚሸኝ ማኅበር ሕያዉን በክብር ማስታመም አያቅተውም!