ከሞጁሉ በፊት የመረጃ ሰነዱ

አንድ የቀራንዮ ተመራቂ ተማሪ ለመመረቂያ ሥራው በ12 ቮልት የሚሠራ የጫጩት መፈልፈያ ለመሥራት ተነሣ እንበል። ማሞቂያውን ለመቆጣጠር አይአርኤፍ 520 ትራንዚስተር ያለበትን ርካሽ ሞጁል ይመርጣል። በመረጃ ሰነዱ የሰፈረው 0.27 ኦም ግን «ጌት» የተባለው እግር 10 ቮልት ሲያገኝ የሚሠራ ነው፤ አርዱይኖ ኡኖ የሚሰጠው 5 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ ትራንዚስተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ይግላል። ግሎ ሲበላሽም ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሪክ እንዳስተላለፈ ይቀራል፤ ማሞቂያው አይጠፋም፤ የ21 ቀናት ተስፋ ከእንቁላሉ ጋር ይበስላል።

ርካሹ ሞጁል ለመማሪያ ይበቃል የሚሉ አሉ። ለትንሽ መብራት እውነት ነው፤ 4 አምፔር ለሚስብ ማሞቂያ ግን አይሆንም። አይአርኤፍ 520 በ10 ቮልት እንኳ እስከ 4.3 ዋት በሙቀት ሊያባክን ይችላል። አይአርኤልዜድ 44ኤን ግን በ5 ቮልት ከ0.025 ኦም ስለማይበልጥ፣ ብክነቱ 0.4 ዋት ገደማ ነው።

ስለሆነም የትምህርት ክፍሎች የመመረቂያ ሥራን ሲገመግሙ፣ መሣሪያው መሥራቱን ብቻ ሳይሆን የጌት ቮልቴጁና የሙቀቱ ስሌት መቅረቡንም ሊጠይቁ ይገባል። ስሌቱ ከአንድ መስመር አይበልጥም።