የተፋቀው ቁጥር

ከጥፋታችን እንጀምር። ቦርሳውን መኪና ውስጥ ትተን የወረድነው እኛ ነን። «ጃኬት ጣል አድርግበት፣ ማን ያየዋል» ያልነውም እኛው ነን። ለካ ጃኬት የተጣለበት ወንበር ለሌባ እንደተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። ይህን የተማርነው ግን ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ማታ ሦስት ሆነን በአንዳችን አባት ቪትዝ ቦሌ አካባቢ ማኪያቶ ልንጠጣ ወጣን። መኪናዋን መንገድ ዳር አቁመን፣ ከፓርኪንግ ልጁ ቲኬት ተቀብለን ገባን። ስንመለስ የኋላው በር መስታወት ረግፎ አስፋልቱ ላይ ያብለጨልጫል። ቦርሳው የለም፣ ጃኬቱም የለም። አላርሙ መጮህ የጀመረው እኛ በሩን ስንከፍት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ላፕቶፑስ ይሁን። ውስጡ የነበረው ግን ወዳጃችን ከሥራ መልስ እያመሸ ሁለት ዓመት የለፋበት የማስተርስ ጽሑፍ ነው። «ኮፒ አላስቀመጠም?» እንዳትሉን። አስቀምጧል። ኮፒው ያለበት ፍላሽ የነበረው እዚያው ቦርሳ ኪስ ውስጥ ነው።

እናላችሁ፣ ንዴታችን መጀመሪያ ያረፈው የፓርኪንግ ልጁ ላይ ነው። «እኔ መኪናዋን እንጂ ውስጧ ያለውን አልጠብቅም» አለን። ቲኬቱን ገልብጠን ብናየው እውነትም እንደዚያ ይላል። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «ተመሳጥረው ነው እንጂ!» ብሎ የልጁን ኮሌታ ያዘ። ልጁ ከሃያ የማያንሱ መኪኖች ብቻውን ሲጠብቅ የሚያመሽ፣ ከእኛ በዕድሜ የሚያንስ ልጅ ነው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኛም ለአንድ ደቂቃ ያህል ቆመን አየን። ከዚያ ነው «ተዉት» ያልነው። ያቺ አንድ ደቂቃ ከላፕቶፑ ይልቅ ታሳፍረናለች።

ፖሊስ ጣቢያ ሄደን አስመዘገብን። «የላፕቶፑ ሲሪያል ቁጥር?» ተባልን። የለንም። «የተገዛበት ደረሰኝ?» የለንም። «ያየ ሰው?» የለም። መርማሪው ጎኑ ወደተከመረው ፋይል ዞር ብሎ አየ፤ ቀና ሲል እኛን አየን። መልሱ ገባን።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ግን ሰኞ ነው የመጣው። መስታወት ለማስገጠም ስንዞር ሠራተኛው የግራውን ስፖኪዮ እያየ «ይሄ የእናንተ አይደለም አይደል?» አለን። አይደለም። የእኛው ባለፈው ዓመት ከቆመበት ተፈልቅቆ ተወስዷል። ያን ጊዜ ምን አደረግን? የሁላችሁንም መልስ እናውቀዋለን። መርካቶ ወርደን ከአንድ ሱቅ በአዲሱ ግማሽ ዋጋ ሌላ ገዛን። ደረሰኝ አልጠየቅንም፣ የሚሰጠንም አልነበረም። መስታወቱ ጥግ ላይ የታርጋ ቁጥር ተቀርጾ ነበር፤ በአሸዋ ወረቀት ተፍቋል። «የማን ይሆን?» ብለን ስቀን ገጠምነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ዛሬም በደንብ ካዩዋቸው ይነበባሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ቀልድ ሆኗል። ጠዋት የተሰረቀብህን ስፖኪዮ ከሰዓት መርካቶ ሄደህ መልሰህ ትገዛዋለህ እየተባለ ይወራል፤ እኛም እንስቃለን። ቀልዱ ውስጥ ግን አንድ ሰው አለ፤ ገዢው። ሌባ ስፖኪዮ አይበላም። የሚሰርቀው ሲመሽ ብር የሚያወጣለት ሰው ስላለ ነው። የቪትዟን መስታወት የሰበረውን ሰው አናውቀውም። ሥራው እንደሚያዋጣ ካስተማሩት ደንበኞች መካከል ግን እኛ አለንበት።

ምክንያት እናጣ ይሆን? አናጣም። መለዋወጫ ከውጭ ነው የሚመጣው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ የብር አቅም ወርዶ የአዲስ ዕቃ ዋጋ ጣሪያ ነክቷል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለ ያሉትን አሮጌ መኪኖች እየጠጋገኑ ማኖር ግድ ሆኗል። ደመወዝተኛ ሰው ግማሽ ዋጋ ሲባል ልቡ ይሸነፋል። ያገለገለ ዕቃ የሚነግድ ሁሉ ሌባ አይደለም፤ ከተጋጩና ከተበታተኑ መኪኖች በሐቅ ገዝቶ የሚሸጥ ብዙ ነው። ግን ቁጥሩ የተፋቀ ዕቃ ከየት እንደመጣ ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም።

ሕጉም ይህን ያውቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 682 የወንጀል ፍሬ መሆኑን እያወቀ ብቻ ሳይሆን ማወቅ እየተገባውም ዕቃውን የተቀበለና የገዛ ሰውን ጥፋተኛ ያደርጋል። «ማወቅ እየተገባው» የምትለዋን ሐረግ ደግማችሁ አንብቧት። እኛ ስናነባት የሳቅንበት ቀን ትዝ ብሎናል።

አያቶቻችን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። ሌባ ሲጠፋ አገሬው በሙሉ ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ሌባው ካልታወቀም ካሳውን ሁሉም ተካፍሎ ይከፍላል። እንዲመለስ አንመኝም፤ በሐሜትና በጥርጣሬ ንጹሕ ሰው የሚጠቆምበት ሥርዓት ነው። የዚያን ማታ ኮሌታ የያዘው ሰውም ያንኑ ነው የሠራው። አንድ ሐሳቡ ግን ያስቀናናል፤ የጎረቤት ዕቃ ሲጠፋ «እኔን አይመለከተኝም» ማለት አይቻልም ነበር። ዛሬ ካሳውን የምንካፈለው በግልባጩ ነው። እያንዳንዳችን በየተራ እንሰረቃለን፣ እያንዳንዳችን በየተራ የሌላውን እንገዛለን።

ስለዚህ ምን ይሁን? ትልቅ ዕቅድ የለንም። ቦርሳ ይዛችሁ ውረዱ። የላፕቶፓችሁንና የስልካችሁን ቁጥር ዛሬውኑ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ፤ ፖሊስ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ጽሑፋችሁን ኢሜይላችሁ ላይም አኑሩት። የፓርኪንግ ማኅበራትና ክፍለ ከተሞችም ቢሰሙን፣ ሃያ መኪና ለአንድ ልጅ ሰጥቶ ከቲኬቱ ጀርባ «አንጠይቅም» ብሎ መጻፍ ጥበቃ አይባልም። ከሁሉም በላይ ግን የተፋቀ ቁጥር ያለበትን ዕቃ አንግዛ። ሻጩን ደረሰኝ እንጠይቅ፤ ከሌለው ጥለን እንሂድ። ያስወድዳል፣ እናውቃለን።

እኛ ራሳችን ገና አልጨረስንም። አዲስ ስፖኪዮ የሚገዛ ብር ስለሌለን የተፋቀው አሁንም መኪናዋ ላይ ነው። መንገድ ለመቀየር ዞር ባልን ቁጥር ሁለቱ አኃዞች ያዩናል። ወዳጃችን ደግሞ ሰሞኑን ምዕራፍ አንድን እንደገና መጻፍ ጀምሯል።

ቁጥሩ የእናንተ ከሆነ ይቅርታ አድርጉልን። ቸር ይግጠመን።