ቤቱ መድን አለው፤ ኪራዩስ?

በቢቸና፣ በሞጣና በየጥኖራ አካባቢ ከጤፍ ንግድ ጥቂት ትርፍ የቀረው ሰው ገንዘቡን የሚያሳርፈው በኪራይ ቤት ላይ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ስድስትም ስምንትም ክፍል በተርታ ይሠራል። ግድግዳው ብዙውን ጊዜ ባሕር ዛፍና ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ የመብራት ቆጣሪው አንድ ነው። መምህሩ፣ ነርሷና ከገጠር ስንቁን ይዞ የመጣው ተማሪ ጎን ለጎን ይኖሩበታል። ከአንዱ ክፍል የተነሳ እሳት ግን እዚያው አይቀርም። ማገሩም ጣሪያው የተያያዘ ነውና የባለቤቱ ገቢ በአንድ ሌሊት ሊቆም ይችላል።

ባለቤቱን «መድን ገብተሃል?» ብለው ቢጠይቁት ብዙውን ጊዜ ወይ «ዕድር አለኝ» ወይ «ባንኩ አስገብቶኛል» ይላል። ዕድር ድንኳን ይተክላል፣ ያስተዛዝናል፤ ስምንት ክፍል ቤት ግን መልሶ አይሠራም። ባንኩ ያስገባው የእሳት መድን ደግሞ በቅድሚያ የሚጠብቀው የባንኩን ብድር ነው። ካሣው ሲከፈል ባንኩ ዕዳውን ያነሳል፤ ለባለቤቱ የሚተርፈው ከተገኘ የተረፈው ብቻ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። 4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት በፖሊሲው ላይ 1 ሚሊዮን ብር ተብሎ ተመዝግቧል እንበል። 800 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስ ባለቤቱ ሙሉውን የሚያገኝ ይመስለዋል። ኩባንያው ግን የቤቱን ሩብ ብቻ መድን ገብተሃል ብሎ 200 ሺህ ብር ይከፍለዋል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 ብር አልፏል። ብረትና ቆርቆሮ የሚገዛው በዚህ ገበያ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ ግምት ይዞ በየዓመቱ አረቦን የሚከፍል ሰው ሙሉ መድን የገባ አይምሰለው።

ዋናው ጥያቄ ግን የኪራዩ ነው። ቤቱ እስኪጠገን ድረስ የሚቀረውን ኪራይ መድን ሊሸፍነው ይችላል፤ በእሳቱ ፖሊሲ ላይ ተጨምሮ የሚገዛ ሽፋን ነው። የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ለገቢዎች ቢሮ «በወር 3 ሺህ ብር ነው የማከራየው» ያለ ሰው ለመድን ኩባንያ «10 ሺህ ቀረብኝ» ሊል አይችልም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ቢያንስ ለ2 ዓመት እንዲቆይና ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ያዛል። አከራዮች አዋጁን እንደ ሸክም አይተውታል። በእኔ አስተያየት ግን ኪራይን መድን የሚገባለት ንብረት የሚያደርገው ይኸው ማስረጃ ነው።

ሞጣ ደግሞ የራሷ መራራ ትምህርት አላት። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በከተማዋ መስጊዶች ሲቃጠሉ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም ተዘርፈዋል፣ ተቃጥለዋል። መልሶ ለመሥራት ገንዘብ የተሰበሰበው በመዋጮ ነበር። ብዙ ባለንብረት የማያነበው አንቀጽ እዚህ ላይ ነው ያለው፤ መደበኛው የእሳት ፖሊሲ በሁከትና በጦርነት የተነሳ እሳትን አይሸፍንም። የሁከት ሽፋን ኩባንያው ከፈቀደ በተጨማሪ አረቦን ይገዛል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የትጥቅ ግጭት ከተነሳ ወዲህ ይህን ሳይጠይቁ መፈረም ዓይንን ጨፍኖ ገደል እንደ መግባት ነው።

ኩባንያዎቹስ? በአዋጅ ቁጥር 86/1986 የግል ባለሀብት ወደ መድን ሥራ እንዲገባ ከተፈቀደ ከ30 ዓመት በላይ አልፏል። ገበያው ግን ዛሬም በዋናነት የቆመው በመኪና ላይ ነው። የመድን ደላላውም ኮሚሽኑን የሚለቅመው ከዚያው ነው። አንድ የጭቃ ግቢ ለማየት ከአዲስ አበባ ገምጋሚ መላክ አያዋጣ ይሆናል። ሃያ ወይም ሠላሳ ግቢ በአንድ ላይ ሲቀርብ ግን ሒሳቡ ይለወጣል።

ማኅበር ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። የጥኖራን በደርግ ዘመን አገር ያወቃት በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበሯ ነው። ያ ማኅበር ከላይ የመጣ ፖሊሲ ውጤት ነበር፤ አሁን የሚያስፈልገው በፈቃድ የሚቋቋም የአከራዮች ማኅበር ነው። አባላቱ ለየክፍሉ የመብራት መቆራረጫ ያስገቡ፣ ማዕድ ቤቱን ከመኝታው ያርቁ፣ የቤታቸውን ግምት በየዓመቱ ያድሱ። ከዚያም በአንድ ደላላ በኩል ለቤቱም ለኪራዩም ዋጋ ይጠይቁ። የመድን ደላላውም ወደ ቢቸና መኪና መንገዱን ቢጀምር አያጣም፤ ገበያው እዚያ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ቅጠሉ ዛሬ የጽሑፍ ውልና ተነብቦ የተፈረመ ፖሊሲ ነው።